ፈተናው አልቋል፣ ልጁ ግን ከክፍሉ አልወጣም

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው ጅማ ቂጦ ነው፣ ከቴክኖሎጂው ግቢ ብዙም አልርቅም። ጓሮ ያሉትን ሰርቪስ ቤቶች ለተማሪ አከራያለሁ። አንዱ ተከራዬ የሦስተኛ ዓመት የኢንጂነሪንግ ተማሪ ነው፣ ጨዋ ልጅ። ፋይናል ካለቀ ሳምንት አልፎታል። ጓደኞቹ ሻንጣቸውን ይዘው ወደየአገራቸው ገብተዋል። እሱ ግን ቀን ተኝቶ ይውላል፣ ሌሊት መብራቱ አይጠፋም። በፈተናው ሰሞን ጫት ይቅም ነበር። እናቱ ከደሴ እየደወለች «ስልክ አያነሳልኝም፣ ደኅና ነው?» ትለኛለች። ምን ልበላት? የሁለት ወር ኪራይም አለበት፣ እሱን ማንሳት ግን አፈርኩ። አልወለድኩትም፣ ዝም ማለትም አልቻልኩም።
የቂጦዋ አከራይ

መልስ፦ እናታችን፣ ዝም ባለማለትዎ ጥሩ አድርገዋል። ሁላችንም የምንጨነቀው ተማሪው ፈተና ላይ ሳለ ነው። ያኔ ግን ልጁ ጓደኛ አለው፣ ላይብረሪ አለው፣ ነገ የሚቀመጥበት ፈተና አለው። የሚከብደው ከዚያ በኋላ ነው፦ ፈተናው ያልቃል፣ ግቢው ጭር ይላል፣ ዝናቡ አያስወጣም፣ ግሬድ ደግሞ ገና አልተለቀቀም።

ጫቱንም አይርሱት። ለሳምንታት በጫትና በቡና ሌሊቱን ሲገፋ የከረመ ሰው ድንገት ሲያቆም ለተወሰኑ ቀናት እንቅልፍ ይጥለዋል፣ ይደብተዋል፣ ይነጫነጫል። ይኼ ስንፍና አይደለም፣ ብዙውን ጊዜም በራሱ ይለቃል። ሁለት ሳምንት ሙሉ በየቀኑ ከከፋው፣ ምግብ ካስጠላው፣ ደስ የሚለው ነገር ሁሉ ከጠፋበት ግን የድብርት ሕመም ሊሆን ይችላልና ሐኪም ይየው። ግቢ ያለው የተማሪዎች ክሊኒክ ጥሩ መነሻ ነው።

አሁን በሩ ላይ ቆመው «ምን ሆነህ ነው?» አይበሉት። ቡና ሲያፈሉ ይጥሩት። ካልመጣ ቁርሱን ይዘውለት ይግቡ። (ለማያንቀላፋ ልጅ ቡና ከሰዓት በኋላ ባይሰጡት ይሻላል፣ ጅማ ላይ ተቀምጦ እንዲህ ማለት ቢከብድም።) ስለ ውጤት ግን አንድም ቃል! እኛ አገር ተማሪ ሲገኝ ከሰላምታ በፊት «ውጤት እንዴት ነው?» ነው የምንለው። ይልቅ «የትራንስፖርት አለህ ወይ?» ብለው ይጀምሩ። ከጅማ አዲስ አበባ ብቻ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ ደሴ ለመድረስ ደግሞ ሌላ 400 ገደማ ይቀረዋል። ኪራይ ያልከፈለ ልጅ መሳፈሪያ አጥቶ፣ ለቤተሰቡም መንገር አፍሮ ሊሆን ይችላል እኮ።

የፈራው ግሬዱን ከሆነ፣ «ተባረርኩ» የሚለውን ቃል ቶሎ አይመኑት። ዋርኒንግ (ማስጠንቀቂያ) አለ፣ ዲስሚሳል (በውጤት ማነስ መሰናበት) አለ፣ ከዲስሚሳልም በኋላ ሪአድሚሽን (እንደገና መግባት) ጠይቀው ተመልሰው የተመረቁ አሉ። ውጤቱ ትክክል አይደለም ብሎ ካመነ ወረቀቱን ለማየት መምህሩን፣ ከዚያ ዲፓርትመንቱን ይጠይቅ። የቅሬታ ጊዜ አጭር ነው፣ ተኝቶ ሳለ ያልፍበታል። ማቋረጥ ከፈለገም ሬጅስትራር ሄዶ የዊዝድሮዋል ፎርም ይሙላ። ሻንጣውን ይዞ ዝም ብሎ የጠፋ ተማሪ በኋላ ለመመለስ ብዙ ይንከራተታል።

አሁን የሚከብደው። «ልጄ፣ መኖር አስጠልቶህ ያውቃል? ራስህን ለመጉዳት አስበሃል?» ብለው በግልጽ ይጠይቁት። ብዙ ሰው ያላሰበውን ነገር አሳስበዋለሁ ብሎ ይፈራል። እንደዚያ አይደለም፣ የዓለም ጤና ድርጅትም መጠየቅ ሐሳቡን እንደማያመጣ ይናገራል፣ እንዲያውም ለብዙዎች እፎይታ ነው። «አዎ» ካለዎት አይቆጡት፣ አይምከሩት፣ ያዳምጡት። ብቻውን አይተዉት። ፀረ ተባይም መድኃኒትም ከቤት ይሰውሩ። በዚያው ቀን ሌላ ሰው ጨምረው ጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከል ይውሰዱት፣ የአእምሮ ሕክምና እዚያ አለ። ዱዓም ጸበልም ካለ ከሕክምናው ጎን ይሁን፣ በእሱ ፈንታ አይሁን።

ለእናቱ «ደኅና ነው» ብለው አይዋሹ። እሷ ጋ ከመደወልዎ በፊት ግን ለእሱ ይንገሩት፦ «እናትህ ተጨንቃለች፣ ዛሬ ማታ ወይ አንተ ደውል ወይ እኔ እደውላለሁ።» አብዛኛው ልጅ ይኼን ሲሰማ ራሱ ይደውላል። ለሕይወቱ የሚያሰጋ ነገር ካዩ ግን ፈቃዱን አይጠብቁ፣ ወዲያው ይደውሉላት።

ኪራዩንስ? ያንሱት እንጂ! ዝም ሲሉት ይባስ ይሸሽዎታል፣ ምናልባት ቀን የሚተኛው እርስዎን ላለማግኘት ይሆናል። ከቻሉ «መስከረም ላይ እንተሳሰባለን» ይበሉት። ካልቻሉም፣ እርስዎም የሚኖሩበት ገንዘብ ነውና፣ ስንቱን መቼ መክፈል እንደሚችል ቁጭ ብላችሁ ተነጋገሩ። ይኼን ግን ከበላና እናቱን ካናገረ በኋላ ያድርጉት።