«ያንቺ ታሪክ የኔ አይደለም» ላለች ልጅ እናት

የጻፉልኝ የ54 ዓመት እናት ናቸው። የ23 ዓመት ልጃቸው ካወቀችው 7 ወር የሆነውን ሰው ላግባ ብላለች። እሳቸው በ21 ዓመታቸው ቸኩለው አግብተው ብዙ ስለተጎዱ «አይሆንም» አሉ። ልጅቷ «ያንቺ ታሪክ የኔ አይደለም» ብላ ክፍሏን ዘጋች። ከተኮራረፉ ሦስት ሳምንት ሆናቸው። «ጎረቤቱ ሁሉ የሚያማክረው እኔን ነው። ዕድሜ ያስተማረኝን ልጄ ብቻ እንዴት አትቀበለኝም?» ይላሉ።

እህቴ፣ ከደብዳቤዎ አንዷን መስመር ደጋግሜ አነበብኳት። «የታጠበ ልብሷን አጣጥፌ በሯ ላይ አስቀምጬ እመለሳለሁ» የምትለዋን። ሆድ ትበላለች። ፍቅሩማ አለ፣ የጠፋባችሁ መነጋገሩ ነው።

አንድ ነገር ልንገርዎ፣ ላይጥምዎ ይችላል። ዕድሜ ብቻውን ጥበብ አይሰጥም። ፖል ባልተስ የተባለ የሥነ ልቦና ተመራማሪ በርሊን ውስጥ ከባልደረቦቹ ጋር ይህንን ለዓመታት አጥንቷል፤ ከባድ የሕይወት ጥያቄ ለወጣትም ለአዛውንትም እየሰጡ መልሱን ሲመዝኑት፣ በዕድሜ መግፋት ብቻ ማንም በልጦ አልተገኘም። እኔም በሥራዬ የማየው ይህንኑ ነው። የሚያስተምረው ዓመቱ ሳይሆን የደረሰብንን ነገር ቁጭ ብለን መመርመራችን ነው።

እርስዎ ደግሞ መርምረዋል። ከሠርጉ በፊት እጮኛዎ ሰው ፊት እንደጮኸብዎትና «ደክሞት ነው» ብለው እንዳለፉት እንደ ዋዛ ጣል አድርገው ጽፈውልኛል። የ33 ዓመቱ ትምህርት ያለው እዚህችው ጋ ነው! ለልጅዎ ግን ይህን ነግረዋት አያውቁም። እሷ የሰማችው «አታግቢው» የሚለውን ብቻ ነው። ያፈሩበት ይመስለኛል፣ ቢያፍሩም አይፈረድብዎትም፤ ግን የሚጠቅማት ያ የደበቁት ነው።

ጎረቤት የሚመክሩት እርስዎ በራስዎ ቤት ለምን ተቸገሩ? ኢጎር ግሮስማንና ኢታን ክሮስ የተባሉ የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች እንደ ፈረንጆቹ በ2014 ባወጡት ጥናት ይህን ነገር በንጉሥ ሰሎሞን ስም ጠርተውታል፤ ለሰው ሲፈርድ ጠቢብ ነበር፣ የራሱ ጉዳይ ላይ ሲደርስ ግን ሳተ። ሰዎች የራሳቸውን ጣጣ እንደ ባዕድ ጉዳይ ከራቅ ብለው እንዲያዩት ሲደረግ ግን ለሌላው የሚያስቡትን ያህል በማስተዋል አሰቡ። ስለዚህ ዛሬ ማታ ወረቀት ይያዙ። ጎረቤትዎ መጥታ «ልጄ እንዲህ አለችኝ» ብትል ምን ይሏት ነበር? እሱን ይጻፉ። «መጀመሪያ አዳምጫት» ሳይሉ የሚቀሩ አይመስለኝም።

ሰውየው ሲያስፈራራት ወይም እጁን ሲያነሳባት አይተው ቢሆን ምክሬ ሌላ ይሆን ነበር። ከጻፉልኝ ውስጥ ግን እሱ ያጠፋው አንድም ነገር የለም። ያስፈራዎት የራስዎ ትዝታ ነው። ምናልባት እሷ ስለሱ እርስዎ የማያውቁትን ታውቅ ይሆናል፣ ይጠይቋት። ምኑን ወደድሽለት? ሲናደድ ምን ያደርጋል? መልሷን ሳያቋርጡ ይስሙ።

ነገ ልብሱን በሯ ላይ አያስቀምጡት። ያንኳኩና ይግቡ። አልጋዋ ጫፍ ላይ ቁጭ ይበሉና ከዚያ ሰው ፊት ከተጮኸብዎት ቀን ጀምረው ይንገሯት።