የጋፒዎቹን ጭራ ማን ነከሰው? ለ60 ሳንቲ አኳሪየም የሚስማሙ አሳዎች

ሰላም እህቴ። ሌሎችም እንዲከታተሉት ጥያቄሽን ባጭሩ ላስቀምጠው፦ ያለሽው ጅማ ነው፤ የአሳ መስታወትሽ (አኳሪየምሽ) 60 በ30 በ36 ሳንቲ ሜትር ነው፤ ማሞቂያ የለውም። ውስጡ 6 ጋፒ (4 ወንድ፣ 2 ሴት) እና 3 ታይገር ባርብ አሉ። የወንዶቹ ጋፒዎች ጭራ እየተቆራረጠ ነው። አሁን ደግሞ 2 ጎልድፊሽ፣ 2 ኤንጅልፊሽ እና መስታወት የሚያጸዳ አንድ «ሰከር» ልትጨምሪ አስበሻል። ሳይጣሉ አብረው የሚኖሩት የትኞቹ ናቸው ነው ያልሽው።

መልሱን አስቀድሜ ልንገርሽ። ካሰብሻቸው ውስጥ አንዱም አይግባ፤ ሦስቱ ባርቦችም ይውጡ። አሳ ሲመረጥ ሁሉም «ጸባዩ እንዴት ነው?» ብሎ ይጠይቃል። ጥያቄው ልክ ነው፤ ግን ብቻውን አይበቃም። ያው አንድ አሳ በሦስት ሆኖ ተናካሽ፣ በአስር ሆኖ ጨዋ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ከጸባዩ ጋር ስንት ሆኖ እንደሚኖር፣ ሲያድግ ምን ያህል እንደሚሆን፣ አፉ ምን እንደሚያስገባና ስንት ዲግሪ ውሃ እንደሚፈልግ መታየት አለበት።

መጀመሪያ ጭራው በእርግጥ የተነከሰ መሆኑን አረጋግጪ። ማታ መብራቱን አጥፍተሽ አንድ ሰዓት ያህል ከቆየሽ በኋላ የስልክሽን ባትሪ ከመስታወቱ ጎን አብሪ። ጋፒዎቹ በዚያን ጊዜ ረጋ ስለሚሉ ጭራቸው በደንብ ይታያል። የተነከሰ ጭራ እንደ ተገመጠ ቂጣ ግማሽ ክብ ጎደሎ ይኖረዋል፤ የጎደለው ቦታ ጠርዙ ንጹሕ ነው፣ አጠገቡ ያለው ክፍል ግን ሙሉ ነው። የክንፍ መበስበስ ከሆነ ጠርዙ ነጣ ይላል፣ እንደ ተተረተረ የነጠላ ጫፍ ይበጣጠሳል፣ ከጫፉ ጀምሮ ወደ ሥሩ እየበላ ይሄዳል። ብዙ ጊዜ ሁለቱ ተከታትለው ይመጣሉ፤ የተነከሰው ቦታ በቆሸሸ ውሃ ውስጥ ይበሰብሳል። ንክሻ ብቻ ከሆነ መድኃኒት አያስፈልገውም። ነካሹ ወጥቶ ውሃው ንጹሕ ከሆነ ጭራው በሳምንታት ውስጥ ተመልሶ ያድጋል። እባክሽ ከፋርማሲ የሰው አንቲባዮቲክ ገዝተሽ እንዳትጨምሪ፤ ፊልተሩ ውስጥ ያለውን ጠቃሚ ባክቴሪያ ሊገድለውና ጣጣው ሊብስብሽ ይችላል።

አሁን ወደ ባርቦቹ። ታይገር ባርብ ክፉ አሳ አይደለም፤ የመንጋ አሳ ነው። ማን ቀድሞ እንደሚበላ፣ ማን ለማን ቦታ እንደሚለቅ የሚወስኑት እርስ በርስ በመሯሯጥና በመነካከስ ነው። አስር ሲሆኑ ይህ ሁሉ በመንጋው ውስጥ ያልቃል፣ ንክሻውም ለአስሩ ስለሚከፋፈል ማንም አይጎዳም። ሦስት ሲሆኑ ግን መንጋ አይባሉም። አጠገባቸው ረጅም ጭራውን እያወዛወዘ በዝግታ የሚሄድ ጋፒ ሲያገኙ ነገሩ ሁሉ ወደ እሱ ይዞራል። «ታዲያ ሰባት ልጨምርላቸው?» ካልሽ 60 ሳንቲ ለመሮጫ አይበቃቸውም፤ ቢያንስ 80 ሳንቲ ርዝመት ይፈልጋሉ። ደግሞም አስር ቢሆኑ እንኳ ከጋፒ፣ ከቤታ፣ ከጉራሚና ከኤንጅልፊሽ ጋር ማስቀመጥ አይመከርም።

ባርቦቹ ወጡ ማለት ግን ሰላም ሆነ ማለት አይደለም። አራት ወንድ ጋፒ ሁለት ሴት ላይ ቀኑን ሙሉ ይሯሯጣል፤ ሴቶቹ ምግብ እንኳ ተረጋግተው አይበሉም። ለአንድ ወንድ ሁለት ወይም ሦስት ሴት ይሁን የሚባለው ለዚህ ነው። ሴት ከጨመርሽ ግን በየወሩ ገደማ እያንዳንዷ ከ20 እስከ 50 ጫጩት ልትጥል ትችላለች፤ በአንቺ መስታወት ይህ በጥቂት ወራት መጨናነቅ ነው። የእኔ ምርጫ ሁለቱን ሴቶች ለሌላ አሳ አርቢ ሰጥቶ ወንዶቹን ብቻ 6 አድርጎ መያዝ ነው። ወንዶች ብቻቸውን ሲሆኑ እርስ በርስ ትንሽ ይሯሯጣሉ፤ ተክል በዛ ካለ ግን ጉዳት አያደርሱም፣ ቀለማቸውም የሚያምረው የእነሱ ነው። ሴቶቹን ካስቀረሽ ደግሞ ወንዶቹን ብታወጪም መውለዳቸውን ወዲያው እንደማያቆሙ እወቂ፤ ከአንድ ግንኙነት የያዙትን ዘር ለወራት ያቆዩታል።

ስላሰብሻቸው አሳዎች። ጎልድፊሽ ከ18 እስከ 22 ዲግሪ ባለ ውሃ ይደሰታል፣ ጋፒ ከ24 በላይ ሲሆን ይመቸዋል፤ አንዱን ስታስደስቺ ሌላውን ትጎጂዋለሽ። ከዚያም በላይ ጎልድፊሽ ብዙ ይበላል፣ ብዙ ያራል፣ ክብ ሰውነት ያለው ዓይነት እንኳ 15 ሳንቲ ይደርሳል፤ አፉ የሚያስገባውን ትንሽ አሳ ሁሉ ይውጣል። ኤንጅልፊሽ ሱቅ ውስጥ የሳንቲም ያህል ሆኖ ያታልላል። ሲያድግ ከላይኛው ክንፍ ጫፍ እስከ ታችኛው 20 ሳንቲ ገደማ ስለሚሆን ቢያንስ 45 ሳንቲ ከፍታ ያለው መስታወት ይፈልጋል፤ ጥንድ ሆኖ እንቁላል ሲጥል ደግሞ የቀረውን አሳ ሁሉ አንድ ጥግ ላይ ያስቀምጠዋል። ጫጩትና ኒዮን ቴትራ የምትባለውን ትንሽ አሳም ይበላል።

«ሰከር» የሚለው ስም ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው። በዚህ ስም ቢያንስ ሁለት የተለያዩ አሳዎች ይሸጣሉ። አንደኛው ፕሌኮ ነው፦ ሰውነቱ እንደ ጥሩር የጠነከረ፣ አፉ ከሥር ያለ፤ ሱቅ ውስጥ 5 ሳንቲ ቢሆንም 30 ሳንቲና ከዚያ በላይ ያድጋል። ሁለተኛው ቻይኒዝ አልጌ ኢተር የሚባለው ቀጠን ያለ ቡናማ አሳ ነው። ትንሽ ሳለ አልጌ ይልሳል፤ ሲያድግ አልጌውን ትቶ ሌሎች አሳዎች ላይ እየተጣበቀ የቆዳቸውን ልጋግ ይልጣል። ሁለቱም ለአንቺ አይሆኑም። የመስታወት አልጌ በንጹሕ ስፖንጅ ሁለት ደቂቃ ሥራ ነው። መብራቱን በቀን ለ7 ወይም ለ8 ሰዓት ያህል ብቻ አብሪ፤ መስኮት አጠገብ ካስቀመጥሽውም ፀሐይ ከማይነካው ቦታ አዛውሪው።

ስለ መጠኑ እውነቱን እንነጋገር። 60 በ30 በ36 ተባዝቶ 64.8 ሊትር ይመጣል። ከሥር 4 ሳንቲ አሸዋ፣ ከላይ 4 ሳንቲ ባዶ ሲቀነስ ግን የሚቀረው ውሃ 50 ሊትር ገደማ ነው። የማሞቂያውንም፣ የመድኃኒቱንም፣ የአሳውንም ቁጥር በ50 አስቢ። ሌላው ከፍታው ነው። ጅማ ከባሕር ወለል በላይ ከ1,700 ሜትር የበለጠ ስለሆነ ውሃው መያዝ የሚችለው ኦክስጅን ባሕር ጠረፍ ካለ ከተማ በአንድ አምስተኛ ገደማ ያንሳል። ኢንተርኔት ላይ «ለ60 ሊትር 20 አሳ» እያሉ የሚጽፉት ይህን አስበው አይደለም። ስለዚህ ቁጥሩን ቀንሺ፣ ፊልተሩ የውሃውን ፊት ሁልጊዜ እንዲያናውጠው አድርጊ።

ከሁሉ በላይ ግን ሙቀቱ። የጅማ ቀን ሞቅ ያለ ስለሆነ ብዙ ሰው ማሞቂያ አያስፈልግም ይላል። ከኅዳር እስከ ጥር ባለው ጊዜ ግን የውጪው ሌሊት ከ10 ዲግሪ በታች ሊወርድ ይችላል፣ የቤት ውስጥ ውሃም ሲነጋ 18 ወይም 19 ሆኖ ይገኛል። ጋፒ በዚህ ወዲያው አይሞትም፤ ይደክማል፣ ክንፉን አጣብቆ ጥግ ይይዛል፣ ነጭ ነጠብጣብ የሚባለው በሽታ ይይዘዋል። የደከመ አሳ ደግሞ ነካሽ ይጠራል። ለ50 ሊትር 50 ዋት ማሞቂያ ይበቃል፤ 25 ዲግሪ ላይ አድርጊው። ቴርሞሜትሩን ከማሞቂያው በተቃራኒ ጫፍ ለጥፊ። ውሃ ስትቀይሪ ማሞቂያውን ከመንቀልሽ በፊት እጅሽን አታስገቢ፤ ከነቀልሽው በኋላም 15 ደቂቃ ይቀዝቅዝ፣ ትኩስ ብርጭቆው አየር ሲያገኝ ይሰነጠቃል።

እንግዲህ ማን ይግባ? ማሞቂያ ከገዛሽ፦ 6 ወንድ ጋፒ ከላይና ከመካከል፣ 6 ኮሪዶራስ ከታች። በቃ፣ ሌላ አይጨመር። ኮሪዶራስ ሰላማዊ ከሚባሉት ሁሉ ሰላማዊ ነው፤ የማንንም ጭራ አይነካም፣ የወደቀ ምግብ ይለቅማል። የሚፈልገው ለስላሳ አሸዋ ነው። ሹል ጠጠር ላይ ካኖርሽው በአፉ ዙሪያ ያሉት ጺሞቹ ያልቃሉ፤ ጺሙ ያለቀ ኮሪዶራስ ምግቡን ፈልጎ ማግኘት ያቅተዋል። አልፎ አልፎ ወደ ላይ ተወርውሮ አየር ጎርሶ ሲመለስ ብታዪው አትደንግጪ፣ ተፈጥሮው ነው። የወደቀ ትርፍራፊ ይበቃዋል ብለሽም አትተዪው፤ ማታ መብራት ከጠፋ በኋላ የሚሰምጥ ምግብ ጣይለት።

ማሞቂያ የማትገዢ ከሆነ ጋፒዎቹንም ለሰው ሰጥተሽ 8 ዜብራ ዳኒዮ ብቻ ያዢ። ከ18 እስከ 25 ዲግሪ ይችላል፣ ፈጣን ነው፣ በመንጋ ሲሆን እርስ በርሱ እየተጫወተ ይውላል። ከጋፒ ጋር ግን አታቀላቅይው፤ ሩጫው ብቻ ዝግተኛውን አሳ ያስጨንቀዋል። ኒዮን ቴትራም ቆንጆ ነው፤ ለስላሳ (ማዕድን ያነሰበት) እና ወደ አሲድነት ያደላ ውሃ ይወዳል፣ ጋፒ ደግሞ ጠጣር (ማዕድን የበዛበት) ውሃ። ስለዚህ ውሃሽን በመመርመሪያ ወረቀት ሳትለኪ አትግዢው።

ስትጨምሪ ሦስት ኮሪዶራስ አስገቢ፣ ሁለት ሳምንት ጠብቂ፣ ከዚያ ሦስቱን። ምክንያቱ ፊልተሩ ውስጥ ያለው ባክቴሪያ ነው። ከአሳው ቆሻሻ የሚወጣውን መርዛማ አሞኒያ ወደ ናይትራይት፣ ናይትራይትን ወደ ናይትሬት የሚለውጠው እሱ ሲሆን የሚበዛው ባለው ምግብ ልክ ነው፤ ቆሻሻው በአንድ ቀን እጥፍ ከሆነ አይደርስበትም። አሞኒያና ናይትራይት ዜሮ፣ ናይትሬት በሊትር ከ40 ሚሊግራም በታች መሆን አለበት። በሳምንት ሩቡን ውሃ፣ ማለትም 12 ሊትር ገደማ ቀይሪ። የቧንቧ ውሃ በፈረቃ ሲመጣ መጀመሪያ የሚወርደውን ደፍርሶ የሚታይ ውሃ ለአሳ አትቅጂ። የበረኪና ሽታ ካለው ክሎሪን ማጥፊያ ጨምሪበት፤ ከሌለሽ ሰፊ አፍ ባለው ባልዲ ከኤር ፓምፕ ጋር 24 ሰዓት አቆዪው።

አሳዎቹ ከአዲስ አበባ በመኪና የሚመጡ ከሆነ መንገዱ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ግቤ በረሃ ሲወረድ ሙቀቱ ይለወጣል። ሻጩ ከመጫኑ በፊት አንድ ቀን እንዳያበላቸው ንገሪው። ከረጢቱ አንድ ሦስተኛው ውሃ፣ ቀሪው አየር ይሁን፤ ፎም ካርቶን ውስጥ ተደርጎ ይምጣ። ስትቀበዪ ከረጢቱን 20 ደቂቃ አንሳፍፊው፣ ከዚያ በየ5 ደቂቃው ግማሽ ስኒ የአኳሪየም ውሃ ጨምሪበት። አሳውን በመረብ አውጥተሽ አስገቢ፤ የከረጢቱን ውሃ ድፊው።

መደበቂያ ስታዘጋጂ አሮጌ ያልተሟሸ ጀበና ወይም የሸክላ ገል ከሁሉ ይሻላል። ሳሙና አታስነኪው፣ ቀቅለሽ አስገቢው፣ ስለታም ጠርዙን በድንጋይ ሞርጂው። አዲስ አሳ በምታስገቢበት ቀን የጀበናውንና የተክሎቹን ቦታ ቀያይሪ፤ የቀደሙት «ይህ የእኔ ነው» የሚሉት ጥግ ስለሚጠፋባቸው አዲሱን አያሳድዱትም።

መብራት ሲጠፋ መጀመሪያ የሚያልቀው ኦክስጅን ነው። በየግማሽ ሰዓቱ በጆግ ውሃ እየቀዳሽ ከአንድ ስንዝር ከፍታ መልሰሽ አፍስሺበት፤ መስታወቱን ከጎንና ከኋላ በብርድ ልብስ ሸፍኚ፣ ላዩን ግን አትድፈኚው። ምግብ አትስጪ። ፊልተሩ ብዙ ሰዓት ቆሞ ከነበረ ከማስነሳትሽ በፊት ስፖንጁን ከአኳሪየሙ በተቀዳ ውሃ እጠቢው፤ ውስጡ የታፈነው ቆሻሻ ተመልሶ እንዳይረጭ።

አንድ የግሩፑ አባል ከግልገል ግቤ ግድብ የቆሮሶ ጫጩት አምጥተሽ ሞክሪ ብሎሻል። ቆሮሶ ክልሉን የሚያስከብር ትልቅ አሳ ነው፣ አምባዛ ደግሞ የቀረውን ሁሉ ይበላል፤ ሁለቱም የገንዳ እንጂ የሳሎን መስታወት አሳ አይደሉም። የምታወጫቸውን ባርቦችም ቦዬ ረግረግ ወይም አዌቱ ወንዝ እንዳትለቂያቸው፤ የሌላ አገር አሳና የያዘው በሽታ ወደ ውሃችን ከገባ መልሶ ማውጣት አይቻልም። 80 ሳንቲና ከዚያ በላይ መስታወት ያለው አባል እዚሁ ይጻፍላት፣ ይውሰዳቸው። እስከዚያው ባርቦቹን 20 ሊትር በሚይዝ ባልዲ ከስፖንጅ ፊልተር ጋር ለያቸው፤ ባልዲው ክዳን ይኑረው፣ ይዘላሉ። የሦስት ቀን የንጋት 12 ሰዓት ሙቀትም ለክተሽ ጻፊልን፤ 50 ዋቱ መብቃት አለመብቃቱን ከእሱ እናያለን።