ስለ አየር መንገዳችን አዳዲስ አውሮፕላኖች ጠይቁኝ

ስለ ኢትዮጵያ አየር መንገድ አውሮፕላን ግዢ የምትጠይቁትን እመልሳለሁ። ዓመቶቹን በፈረንጆቹ ነው የምጽፈው።

ጥያቄ፦ አዲስ አውሮፕላን መግዛት እውነት ያሳድጋል ወይስ ለዜና ነው?

መልስ፦ ያሳድጋል፣ ግን አዲስ መስመር ሲከፍት ነው። በ2012 የአፍሪካ የመጀመሪያው ድሪምላይነር (ቦይንግ 787) አዲስ አበባ ገባ። ከቀድሞው ቦይንግ 767 ጋር ሲነጻጸር ነዳጅ በ20 በመቶ ገደማ ይቆጥባል፣ ስለዚህ ድሮ የማያዋጣ ረጅም መስመር ማዋጣት ይጀምራል። በ2013 በሎሜ በኩል ሳኦ ፓውሎ የተጀመረው በሱ ነው። ከብራዚል የተሳፈረው ሰው ደግሞ ቦሌ ላይ ቀይሮ ወደ እስያ ስለሚቀጥል፣ አንዱ መስመር የሌላውንም ወንበር ይሞላል። ዋናው ገንዘብ ያለው እዚህ ጋ ነው።

ጥያቄ፦ ይህን ያህል ርቀት የሚችል ከሆነ ዋሽንግተን ስንሄድ ለምን መንገድ ላይ እናርፋለን?

መልስ፦ ጣጣው የቦሌ እንጂ የአውሮፕላኑ አይደለም። ቦሌ ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ነው። አየሩ ስስ ስለሆነ ሞተሩም ክንፉም አቅም ያጣሉ፣ ሙሉ ነዳጅና ሙሉ ጭነት ይዞ መነሳት ይከብዳል። ለዚህ ነው ከዋሽንግተን ሲመለስ በቀጥታ የሚመጣው። እንደውም በ1984 የመጀመሪያው 767 ሲመጣ ከዋሽንግተን አዲስ አበባ አንድም ቦታ ሳያርፍ ነው የገባው። ቢሾፍቱ አካባቢ የሚሠራው አዲሱ ኤርፖርት ከቦሌ ዝቅ ያለ ቦታ ላይ ስለሆነ ይህን ያቀልላል። እኔን ከየትኛውም ግዢ በላይ የሚያጓጓኝ እሱ ነው፤ የቦሌ አቅም በዓመት 25 ሚሊዮን መንገደኛ ገደማ ነው፣ አውሮፕላን ብቻ ብንጨምር የት እናስተናግደዋለን?

ጥያቄ፦ አሮጌዎቹስ የት ይገባሉ?

መልስ፦ የኪራይ የሆነው ለባለቤቱ ይመለሳል። ከ767ቶቹ ደግሞ ወደ ካርጎ የተቀየሩ አሉ።

ጥያቄ፦ በቦይንግ 737 ማክስ ያን ሁሉ ሰው አጥተን እንዴት ድጋሚ እናዛለን?

መልስ፦ ይህን መጠየቅ ተገቢ ነው። በ2019 የአየር መንገዱ ማክስ ተከስክሶ የ157 ሰው ሕይወት አልፏል። ኤምካስ የሚባለው ሶፍትዌር ከአንድ ሴንሰር የመጣ የተሳሳተ መረጃ አምኖ አፍንጫውን ወደ ታች ይደፍቀው ነበር። ሥርዓቱ ከተስተካከለ በኋላም አየር መንገዱ ማክስን ወደ በረራ የመለሰው በ2022 ነው፣ ከብዙዎቹ ዘግይቶ። በ2023 ሌላ 20 አዘዘ፣ ምክንያቱም ፓይለቱም፣ ቴክኒሺያኑም፣ መለዋወጫውም ለረጅም ዓመት የተደራጀው ለ737 ነው፤ ወደ ሌላ ዓይነት መዞር ሁሉንም ከዜሮ መጀመር ይሆናል። ሒሳቡ ይገባኛል። ዘመዱን ያጣ ሰው ግን አልሳፈርበትም ቢል ማንም ሊከራከረው አይገባም።

ጥያቄ፦ ዕቅዱን ምን ሊያደናቅፈው ይችላል?

መልስ፦ የርክክብ መዘግየት። በ2024 ስምንት ቦይንግ 777-9 ታዟል፣ ግን መጀመሪያ በ2020 ይደርሳል የተባለው ይህ አውሮፕላን ወደ 2027 ተገፍቷል። እስኪመጣ ወይ ትከራያለህ፣ ወይ አሮጌውን እየጠገንክ ታበራለህ፣ ሁለቱም ወጪ ነው።