ጉበት ሲደክም ሐሳብ ሲዘገይ፦ ጥያቄና መልስ

በጉበት ክትትል ክፍል የምሠራ ነርስ ነኝ። ስለ ሲሮሲስ፣ ማለትም ጉበት ጠባሳ እየያዘ ስለሚደድርበት ሕመም፣ እና ስለ መዘንጋት ለጠየቃችሁኝ እነሆ መልሴ።

ጥ፦ አባቴ በሄፓታይተስ ቢ የመጣ ሲሮሲስ አለባቸው። ሰሞኑን ቀን ያንቀላፋሉ፣ ሌሊት ቁጭ ብለው ያድራሉ። ሱቅ ውስጥም መልስ ሲሰጡ ይሳሳታሉ። እርጅና ነው?

መ፦ እህቴ፣ ቶሎ እርጅና አትበዪ። የታመመ ጉበት ከአንጀት የሚመጣውን አሞኒያ የሚባል መርዛማ ነገር በደንብ ስለማያጣራ ደም ይዞት ወደ አንጎል ይሄዳል። መጀመሪያ የሚነካው ትኩረትና ፍጥነት ነው። ሐኪም ፊት “ደህና ነኝ” ሲሉ ምንም አያስታውቅባቸውም። ለዚህ ነው እኔ ሁልጊዜ አብሯቸው የመጣውን ሰው የምጠይቀው። የሱቁን ነገር እሳቸው አያነሱትም፤ ለሐኪሙ አንቺ ንገሪው።

ጥ፦ ምርመራው እንዴት ነው? እናቴ ማንበብ አይችሉም።

መ፦ ለእሳቸው የሚሆን አለ። በ60 ሰከንድ ውስጥ የቻሉትን ያህል የእንስሳ ስም ይጠራሉ። ከ10 በታች ከሆነ ያሳስባል፣ ከ15 በላይ ጥሩ ነው፤ መሃል ላይ ያለ ሌላ ፈተና ይጨመርለታል። የተደገመ አይቆጠርም። አንዲት እናት “በግ፣ ፍየል፣ ዶሮ” ብለው ጀመሩና መልሰው በግ፣ መልሰው ፍየል! ከብት ሲያረቡ የኖሩ ሰው ናቸው እኮ። ለተማረ ሰው ደግሞ የወረቀት ፈተናዎች አሉ፤ አንዱ የተበታተኑ ቁጥሮችን በቅደም ተከተል በመስመር ማገናኘት ነው። ቤት ሞክራችሁ ግን በራሳችሁ አትደምድሙ፤ ድብርትም ውጤት ይጥላል።

ጥ፦ አሞኒያን በደም መለካት አይበቃም?

መ፦ አይበቃም። ከፍ ብሎበት ሐሳቡ ንጹሕ የሆነ ሰው አለ። ዝቅ ካለ ግን ሌላ ምክንያት መፈለግ ነው።

ጥ፦ የታክሲ ሹፌር ነኝ። የትኩረት ፈተናው ውጤቴ ዝቅ አለ።

መ፦ ወንድሜ፣ እንጀራህ እንደሆነ አውቃለሁ። ሐኪምህን እስክታነጋግር ግን መሪ አትያዝ፤ እግረኛ ድንገት ሲገባብህ ነው ጉዱ። ብዙ ጊዜ ሆድ አለስልሶ አሞኒያን በሰገራ የሚያስወጣ ላክቱሎስ የሚባል ሽሮፕ ይታዘዛል። ልኩ በቀን 2 ወይም 3 ጊዜ ለስላሳ ሰገራ ነው። ስድስቴ ካስሮጠህ በዝቷል፤ ውሃህን አሟጦ ነገሩን ያባብሰዋል።

ጥ፦ ሥጋ ይተዉ ተባልን።

መ፦ የድሮ ምክር ነው። ጡንቻም አሞኒያ ያጣራል፣ ፕሮቲን ሲጎድል ደግሞ ጡንቻ ይከሳል። ሽሮና ምስር በደንብ ይስማማቸዋል። ባዶ ሆድ መዋል ግን ይጎዳቸዋል፤ ጾም ከሆነ የንስሐ አባታቸውን ያማክሩ። ከመኝታ በፊትም ትንሽ ይቅመሱ።

ጥ፦ መቼ ነው ወደ ድንገተኛ የምንሮጠው?

መ፦ ቀኑን ከሳቱ፣ የዘረጉት እጅ እንደ ክንፍ ከተርገበገበ፣ ሰገራቸው እንደ ሬንጅ ከጠቆረ ወይም ካተኮሳቸው ዛሬውኑ። የእንቅልፍ ኪኒን ሰጥታችኋቸው ከሆነ ሳትደብቁ ተናገሩ።