የባለቤትሽ ሲዲ 3 ለምን 58 ሆነ?

እህቴ፣ ጥያቄሽን ደግሜ አነበብኩት። ባለቤትሽ ዴልሂ ውስጥ ከእህቱ የግንደ ህዋስ ንቅለ ተከላ ከተደረገለት 60 ቀኑ ነው፤ የኪሜሪዝም ውጤቱ (ከደሙ ስንቱ የለጋሽ፣ ስንቱ የራሱ እንደሆነ የሚለካው) ሲዲ 33 በሚባሉት ነጭ ህዋሳት 99 በመቶ፣ ሲዲ 3 በሚባሉት ግን 58 በመቶ የለጋሽ ነው ይላል፤ አንቺም «ከደሙ ግማሽ ያህሉ አሁንም የራሱ ከሆነ ካንሰሩ ሊመለስበት ነው?» ብለሻል። እኔ ሐኪም አይደለሁም። እ.ኤ.አ. በ2019 ኤ.ኤም.ኤል. የሚባል የደም ካንሰር ይዞኝ ከታላቅ ወንድሜ ግንደ ህዋስ የተቀበልኩ፣ ሜሪላንድ የምኖር ሴት ነኝ። የእኔ የ60ኛ ቀን የሲዲ 3 ውጤት 44 በመቶ ነበር። ከባለቤትሽ ያንሳል፤ ይኸው ዛሬ ቁጭ ብዬ እጽፍልሻለሁ።

እንዴት እንደደነገጥኩ ልንገርሽ፣ አንቺም እዚያው ላይ እንዳትወድቂ። በ30ኛው ቀን የተሠራልኝ ምርመራ ደሙን ሳይለዩ በጅምላ ስለነበር 96 በመቶ የለጋሽ አለ። ቤት ውስጥ እልል ተባለ። በ60ኛው ቀን ደሙን በየዓይነቱ ለይተው ሲመረምሩት 44 የሚል ቁጥር ሐኪሜ ሳይደውልልኝ በስልኬ መጣ። ከ96 ወደ 44 የወረድኩ መስሎኝ እስኪነጋ አለቀስኩ። ነገሩ ግን ሁለቱ ቁጥሮች የሚለኩት አንድ ነገር አለመሆኑ ነው። ይህን ያስረዳኝ ሰው አልነበረም። ለእናቴ ደውዬ «ቲ ሴሌ (ሲዲ 3 የሚለካው ነጭ ህዋስ) ገና ከግማሽ በላይ የራሴ ነው» ስላት «ታዲያ ያንቺ ቢሆን ምን ነውር አለው?» አለችኝ።

ሰርገኛ ጤፍን አስቢ። አንድ ቁና ሙሉ ነጭ ጤፍ ውስጥ ጥቂት ቀይ ቢገባበት፣ ቁናውን እንዳለ ስታዪው ነጭ ነው ትያለሽ። በደማችን ካሉት ነጭ ህዋሳት አብዛኞቹ እነ ኒውትሮፊል ናቸው፤ በደም ውስጥ የሚቆዩት ለአጭር ጊዜ ስለሆነ መቅኔው በየቀኑ አዲስ ይሠራል። አዲሱ መቅኔ የእህቱ ከሆነ እነሱም ቶሎ የእህቱ ይሆናሉ። ሲዲ 33 የሚያሳየው ማይሎይድ የሚባለውን ይህንን ወገን ነው፤ 99 መሆኑም መቅኔው እንደያዘ ይነግርሻል። ሲዲ 3 ደግሞ ቲ ሴል፣ በሽታን የሚዋጋ ነጭ ህዋስ ነው። ቲ ሴል ዓመታት ይኖራል፣ ኬሞም ቶሎ አይጨርሰውም። በተለይ ከንቅለ ተከላው በፊት የተሰጠው ኬሞ ቀለል ያለው ዓይነት ከሆነ፣ የድሮዎቹ ቲ ሴሎች ቤቱ ተሸጦም ለወራት አልወጣም እንደሚል ተከራይ ይቆያሉ። ባለቤትሽ የትኛውን ዓይነት እንደወሰደ አልጻፍሽም፤ ቀለል ያለው ከሆነ በ60ኛው ቀን 58 የሚያስደነግጥ ቁጥር አይደለም።

ደግሞም ይህ ምርመራ ካንሰር አይፈልግም። የሚጠይቀው «ይህ ህዋስ የማን ነው?» ብቻ ነው። ዘረመላችን ውስጥ አጫጭር ፊደላት እየተደጋገሙ የሚጻፉባቸው ቦታዎች አሉ፤ የድግግሞሹ ቁጥር ከሰው ሰው ይለያል። አባትነት የሚረጋገጠውም፣ ወንጀለኛ የሚለየውም በዚሁ ነው። እኔ አንዱ ቦታ ላይ 11 እና 14 ቢኖረኝ፣ ወንድሜ 11 እና 16 ሊኖረው ይችላል። 11 ለሁለታችንም ስለሆነ አይረባም፤ 14 እና 16 ግን ይለዩናል። እህትና ወንድም ብዙ ስለሚጋሩ ላብራቶሪው አንድ ቦታ አይበቃውም፤ ብዙ ቦታ አይቶ የሚለየውን ይመርጣል። ከዚያ በኮሮና ጊዜ የለመድነው ፒ.ሲ.አር. ያባዛዋል፣ ማሽኑም የእያንዳንዱን ድርሻ ያወጣል። የተለመደው ዘዴ ከ1 እስከ 5 በመቶ በታች ያለውን አያይም፤ ስለዚህ «100» ማለት «ከዚያ በታች ካለ አላየሁትም» ማለት ነው። በሁለት ምርመራ መካከል የ2 ወይም የ3 በመቶ ልዩነትም እንቅልፍ አይንሳሽ።

ካንሰሩን የሚፈልገው ሌላ ምርመራ ነው፤ ከመቅኔ ናሙና ተወስዶ የቀረ የካንሰር ህዋስ ካለ የሚያሳየው። የእሱን ውጤት ለብቻው ጠይቂ። የባለቤትሽ በሽታ እንደ እኔ ከማይሎይድ ወገን ከሆነ፣ እኔ ብሆን ዓይኔን የምተክለው ሲዲ 33 ላይ ነው። እሱ 99፣ ከዚያ 94፣ ከዚያ 85 እያለ ከወረደ በዚያው ቀን እደውላለሁ። ሲዲ 3 ግን 58 ላይ ቢቆም ወይም ቀስ እያለ ቢወጣ እጠብቃለሁ። ቁልቁል ከሄደ ግን ሌላ ነገር ነው፤ ሰውነቱ የተተከለውን ህዋስ አልቀበልም ሊል ይችላል፣ ያን ጊዜ ዝም አይባልም።

(ለታላሴሚያ ወይም ለሲክል ሴል፣ ማለትም በዘር ለሚተላለፉ የቀይ ደም ህዋስ በሽታዎች፣ ንቅለ ተከላ የተደረገላቸው ሰዎች ቁጥር አይተሽ አታወዳድሪ። እነሱ የለጋሹ ድርሻ 20 በመቶ አካባቢ ከጸና እንኳ ከበሽታው ሊገላገሉ ይችላሉ። የእኛ ሂሳብ ሌላ ነው።)

የእኔ እንዴት እንደሄደ፦ ከ90ኛው ቀን በኋላ ሐኪሜ ታክሮሊመሱን (የሰውነትን መከላከያ የሚያዳክመውን ኪኒን) በጥቂት በጥቂቱ ቀነሰችልኝ፣ የወንድሜ ህዋሳት ቦታ እንዲያገኙ። በ100ኛው ቀን 61፣ በስድስት ወር 88፣ በዓመቱ 97 ሆነ። በነጻ ግን አልመጣም፤ ደረቴና መዳፌ ላይ ሽፍታ ወጣ፣ የለጋሹ ህዋሳት የእኔን አካል እንደ ባዕድ ማየት ሲጀምሩ የሚመጣው ማለት ነው። የእኔ በቅባት አለፈ፤ አንጀትና ጉበት ላይ ሲሆን ግን ሰው ይገድላል። ስለዚህ ቁጥሩን ከፍ ለማድረግ ብላችሁ አንዲት ኪኒን እንኳ በራሳችሁ እንዳትቀንሱ።

መድኃኒት መቀነሱ ካልበቃ ከለጋሹ ሊምፎሳይት (ቲ ሴል ያለበት የነጭ ህዋስ ወገን) ወስዶ መስጠት አለ። ይህን እ.ኤ.አ. በ1990 ያስታወቁት ሙኒክ የነበሩት ሃንስ ዮኸም ኮልብና ባልደረቦቻቸው ናቸው። ለእናንተ ይህ አንድ ሥራ ያስከትላል፦ እህቱ ወደ አዲስ አበባ ከመመለሷ በፊት ከእሷ የተረፈ ህዋስ በረዶ ውስጥ ተቀምጦ እንደሆነ ጠይቂ። ካልተቀመጠ፣ ሲያስፈልግ እሷን እንደገና ቪዛና ቲኬት አስጨርሶ ማምጣት ሊሆን ነው።

ሌላው፣ ዴልሂን ከመልቀቃችሁ በፊት በመቶኛ የተጻፈውን ወረቀት ብቻ ይዛችሁ አትውጡ። ከንቅለ ተከላው በፊት የተወሰደውን የሁለቱንም የዘረመል ልኬት፣ ማለትም የየትኛው ቦታ ስንት ድግግሞሽ እንደሆነ የሚያሳየውን፣ በጽሑፍ ተቀበሉ። የማውቀው አንድ ሰው ህንድ ታክሞ እዚህ ሲመጣ ይህ ስላልነበረው ማወዳደሪያ ጠፋ። ከጉንጩ ውስጥ እንዳይወስዱ፣ ምራቁ ውስጥ የለጋሹ ነጭ ህዋሳት አሉ። በመጨረሻ የፀጉሩን ሥር ነቅለው ወሰዱ። ቀጣዩ ናሙናም የት እንደሚላክ ቁርጡን እወቁ፤ ከተቻለ ወደዚያው ላብራቶሪ፣ በዚያው ዘዴ፣ እንደገና ሲዲ 3 እና ሲዲ 33 ተለይተው።

ስለ ጉንጭ ካነሳሁ አይቀር፣ ልጆቻችሁን ወይም ወላጆቻችሁን በዲ.ኤን.ኤ. ምርመራ አሜሪካ የማምጣት ሐሳብ ካለ፣ ባለቤትሽ ንቅለ ተከላ እንደተደረገለት አስቀድማችሁ ለላብራቶሪው ንገሩ። አለበለዚያ ውጤቱ የእህቱን ዘረመል ቀላቅሎ ሊመጣ ይችላል። የደም ዓይነቱም ከእህቱ የሚለይ ከነበረ ወደ እሷ ይዞራል፤ የእኔ ኦ የነበረው ዛሬ ኤ ነው፣ ደሜ ሲመረመርም የወንድ ክሮሞሶም ይወጣል። ወንድሜ ስልክ ሲደውል «እንዴት ነህ?» ይለኛል።

የ90ኛው ቀን ውጤት ሲመጣ ሁለቱን ቁጥሮች ከዛሬዎቹ ጎን ጻፊልኝ፣ በዚያ ቀን የሚወስደውን የታክሮሊመስ መጠንም ጨምሪበት።