ሕንፃ ላይ የለመድነው ኮንትሮለር ቀዝቃዛ ክፍል ሲገባ

ሰላም ወንድሜ። ጥያቄህን ሁለቴ አነበብኩት። ድርጅታችሁ ለዓመታት የቢሮ ሕንፃዎችን ማቀዝቀዣ፣ አየር ማናፈሻና መብራት ሲቆጣጠር ቆይቷል። አሁን ወደ ቀዝቃዛ መጋዘን፣ ወደ ሆስፒታል፣ ወደ ፋብሪካና ወደ ግሪንሃውስ መግባት አስባችኋል። በዚያ ላይ ገመድ አልባ ሴንሰር ጨምራችሁ የራሳችሁን ክላውድ መሥራት አምሯችኋል። «ያለን ዕቃ ይበቃል ወይ? ከየትስ እንጀምር?» ብለሃል።

እኔ ይህን መንገድ ሄጄበታለሁ፤ ግማሹን እየወደቅኩ። ኮንትሮለራችሁ፣ ማለትም ሴንሰር አንብቦ ማሽኖቹን የሚያዘው ሳጥን፣ በአብዛኛው ይበቃል። የሚያስቸግራችሁ ከሕንፃ ይዛችሁት የምትሄዱት ልማድ ነው። ሕንፃ ውስጥ ስትሳሳት ሰው ይሞቀዋል። ይደውላል፣ ይቆጣል፣ ሄደህ ታስተካክላለህ። እዚያ የሚበላሸው ዕቃ ነው። ዕቃ ደግሞ አይደውልም።

አንዱን በዝርዝር ላጫውትህ። ከሕንፃ ውጪ የወሰድነው የመጀመሪያ ሥራ የመድኃኒት ማከማቻ ነበር። ብዙ ክትባቶችና አንዳንድ መድኃኒቶች ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴልሺየስ ባለው መሃል መቆየት አለባቸው። እኛም «ይሄማ ትልቅ ፍሪጅ ነው፤ ቺለር (ውሃ የሚያቀዘቅዝ ትልቅ ማሽን) ስናዝ ለኖርን ሰዎች ምን ያቅተናል» ብለን ገባን። የለመድነውን ኮንትሮለርና 10 ኪሎኦም ቴርሚስተር (ሙቀት ሲለወጥ የኤሌክትሪክ ተቃውሞው የሚለወጥ ሴንሰር) ያዝን። ሴንሰሮቹን ከመስቀላችን በፊት ቢሮ ጠረጴዛ ላይ ደርድረን ሞከርናቸው። ሁሉም 24 እና 25 አካባቢ አነበቡ። አጠገባቸው ካስቀመጥነው ቴርሞሜትር ጋር ተስማሙ። ሰቀልን፣ ፈረምን፣ ወጣን።

ሦስት ሳምንት አልቆየም፣ የማከማቻው ኃላፊ ደወሉ። «ስክሪናችሁ 2.4 ይላል፤ የእኔ ቴርሞሜትር ግን 0.5 ነው የሚለው» አሉኝ። እኔ ምን ብመልስ ጥሩ ነው? «የእርስዎ ባትሪው ደክሞ ይሆናል።» አሁን ድረስ ያሳፍረኛል። ሄጄ በሦስተኛ ቴርሞሜትር ስለካው ትክክለኛው እሳቸው ነበሩ።

ነገሩ ወዲህ ነው። 10 ኪሎኦም የሚባለው ቴርሚስተር አንድ ዓይነት አይደለም። ታይፕ 2 እና ታይፕ 3 የሚባሉ አሉ። ሁለቱም 25 ዲግሪ ላይ 10,000 ኦም ናቸው። ከ25 እየራቅክ ስትሄድ ግን መንገዳቸው ይለያያል። 0 ዲግሪ ላይ ታይፕ 2 ወደ 32,650 ኦም ይደርሳል፤ ታይፕ 3 ደግሞ 29,490 አካባቢ ነው። እኛ የሰቀልነው ታይፕ 3 ነው። ኮንትሮለሩ ላይ የተመረጠው ታይፕ 2 ነው። ስለዚህ ክፍሉ 0 ሲሆን ስክሪኑ 2 ይላል። ጠረጴዛ ላይ የተስማሙት ሁለቱ መስመሮች በሚገናኙባት በአንዷ ነጥብ ላይ ስለሞከርናቸው ነው።

ሕንፃ ላይ ይህንኑ ስህተት ስንት ጊዜ እንደሠራን እግዜር ይወቀው። 22 ዲግሪ ላይ ልዩነቱ ግማሽ ዲግሪም አይሞላም። ማን ያየዋል? ክትባት ላይ ግን ወሳኝ ነው። የአሉሚኒየም ውህድ ያለባቸው ክትባቶች አንዴ በረዶ ከሠሩ አለቀላቸው፤ መልሰህ ብታሞቃቸው አይድኑም። ጠርሙሱን ስታየው ደግሞ ጤነኛ ሊመስልህ ይችላል።

ከዚያ ወዲህ ሴንሰር ጠረጴዛ ላይ ሞክሬ አላውቅም። ቴርሞስ ውስጥ የተፈጨ በረዶ እሞላለሁ፣ ንጹሕ ውሃ እጨምርበታለሁ፣ እያማሰልኩ ጥቂት ደቂቃ እጠብቃለሁ። ያ ድብልቅ 0 ዲግሪ ነው። ሴንሰሩን በቀጭን ፕላስቲክ ጠቅልዬ እነክረዋለሁ። ስክሪኑ 0 ካላለ ሥራው አልተጀመረም። ለካሊብሬሽን (የመለኪያውን ትክክለኛነት ለማረጋገጥ) የሚሰጥ የምስክር ወረቀት የሚጠይቅ ደንበኛ ካለ ያ የራሱ ሥርዓት አለው። ግን ይህች የቴርሞስ ነገር ካንተ ጋር ወደ ሁሉም ቦታ ትሂድ።

ወደ የትኛው ዘርፍ ልግባ ላልከው፣ እኔ የምለካው በአንድ ነገር ነው፦ ሥራው አየርና ውሃ ነው ወይስ ማሽን? አየርና ውሃ ከሆነ ፊዚክሱን ታውቀዋለህ። ሰርቨር ክፍል ይመቻል። የአሽሬ (የአሜሪካ የማሞቂያና ማቀዝቀዣ መሐንዲሶች ማኅበር) ምክር ወደ ሰርቨሩ የሚገባው አየር ከ18 እስከ 27 ዲግሪ እንዲሆን ነው። አዲስ የሚሆንብህ ነገር ፍጥነቱ ነው። ማቀዝቀዣው ሲቆም ቢሮ በሰዓታት ይሞቃል፤ ሰርቨር የታጨቀበት ክፍል ደቂቃዎች ይበቁታል።

ግሪንሃውስም ያው አየርና ውሃ ነው፤ ሙቀት፣ እርጥበት፣ ካርቦን ዳይኦክሳይድ። እዚያ የሚገልህ እርጥበቱ ነው። ለቢሮ ጣሪያ የተሠራ ፓነል ይዘህ ከገባህ በወራት ውስጥ ተርሚናሎቹ አረንጓዴ ዝገት ያበቅላሉ።

ሆስፒታል ትንሽ ረቀቅ ይላል። ተላላፊ በሽታ ያለበት ሰው የሚተኛበት ክፍል ግፊቱ ከኮሪደሩ ማነስ አለበት፣ አየር ወደ ውስጥ እንጂ ወደ ውጭ እንዳይሄድ። በአሜሪካ መመሪያ ዝቅተኛው ልዩነት 2.5 ፓስካል ነው። ይህ የሩብ ሚሊሜትር ውሃ ክብደት ነው በለው፤ በር ሲከፈት ወዲያው ይጠፋል። እኛ መጀመሪያ ላይ በር በተከፈተ ቁጥር አላርም እንዲጮህ አድርገን ነበር። በሁለተኛው ቀን ነርሶቹ ድምፁን ዘጉት። አልፈርድባቸውም። በሩ ላይ ሴንሰር አድርገን አላርሙ ትንሽ እንዲታገስ ስናደርገው ነው ሰው ማመን የጀመረው።

ፋብሪካ ውስጥ ደግሞ የማምረቻ መስመሩን አትንካ። ያ የፒኤልሲ (የማምረቻ ማሽን የሚያዝ ኮምፒውተር) ሰዎች ሥራ ነው። እነሱ የሚያስቡት በሚሊሰከንድ ነው፤ የእኛ ዕቃ አንድ ቫልቭ ሁለት ሰከንድ ቢዘገይ ግድ የለውም። የአደጋ ጊዜ ማቆሚያ ቁልፍ በኔትወርክህ በኩል እንዲያልፍ ከተጠየቅክ እምቢ በል። አንተ የምትገባው በጀርባ በር ነው፦ ቦይለር፣ ቺለር፣ የታመቀ አየር ኮምፕሬሰር፣ የኤሌክትሪክና የውሃ ቆጣሪ። እዚያ ሥራ ሞልቷል፤ ብዙ ጊዜም ባለቤት የለውም።

እዚያ መሣሪያዎቹ የሚነጋገሩበት ቋንቋ በአብዛኛው ሞድባስ ነው። እ.ኤ.አ. በ1979 የወጣ ሽማግሌ ነው፣ ግን አይሞትም። አንድ ቆጣሪ የማይሆን ግዙፍ ቁጥር ካሳየህ ገመድ አትፍታ። ሞድባስ አንዱን ትልቅ ቁጥር በሁለት ባለ 16 ቢት ሳጥን ከፍሎ ነው የሚልከው፤ ሳጥኖቹን ገልብጠህ አንብብ። ካልሆነ አድራሻውን በአንድ ዝቅ ወይም ከፍ አድርግ። ከአሥር ዘጠኙ ከሁለቱ አንዱ ነው።

መድኃኒት ፋብሪካ ውስጥ የሚገጥምህ ሌላ ነገር መዝገብ ነው። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር እ.ኤ.አ. በ1997 ያወጣው ክፍል 11 የሚባል ደንብ አለ። በእሱ ሥር ያለ ኩባንያ ማን፣ መቼ፣ ምን እንደቀየረ የሚያሳይ የማይሰረዝ መዝገብ ይፈልጋል። እኛ ሕንፃ ላይ ስድስት ሰው በአንድ «አድሚን» የይለፍ ቃል ስንገባ የኖርን ነን። እሱን ልማድ ቤታችሁ ትታችሁ ሂዱ።

አሁን ወደ ተገናኙት መሣሪያዎች። በባትሪ የሚሠራ የሎራዋን (በትንሽ ጉልበት ሩቅ የሚደርስ ሬድዮ) ሴንሰር እወዳለሁ። ገመድ ሳትዘረጋ በአንድ ቀን ሃምሳ ነጥብ ትከታተላለህ። ግን ለመከታተል እንጂ ቫልቭ ለማዘዝ አታስበው። ባትሪ ለመቆጠብ በየ10 ወይም በየ15 ደቂቃው ነው የሚናገረው። ቀዝቃዛ ክፍል ደግሞ የብረት ሳጥን ነው። ሬድዮው አይወጣም፣ ባትሪውም በብርድ ይደክማል። አስተላላፊውን ከውጭ አስቀምጠህ መለኪያውን ብቻ በገመድ ወደ ውስጥ አስገባው።

ከሁሉ የሚያስፈራኝ የቆመ ቁጥር ነው። ሴንሰሩ ሞቷል፣ ዳሽቦርዱ ግን የመጨረሻዋን 4.1 ይዞ በአረንጓዴ ያበራል። ቀጥ ያለ የሚያምር መስመር። እኛ ጋ አንድ ቅዳሜና እሁድ ሙሉ እንዲህ አምሮ አለፈ። ደግነቱ ማቀዝቀዣው አልቆመም ነበር። አሁን ሦስት ተከታታይ መልእክት ከቀረ ቁጥሩ ከስክሪኑ ይጠፋና አላርም ይጮሃል። መጀመሪያ የምትጽፈው አላርም ይህ ይሁን።

ክላውድ ወደ መሣሪያ መጻፍ ሲጀምር ሌላ ጣጣ ይመጣል። ባክኔት (የሕንፃ መሣሪያዎች የሚነጋገሩበት ቋንቋ) ላይ ለአንድ ፋን የሚሰጥ ትእዛዝ በ16 የቅድሚያ ደረጃዎች ይሰለፋል፤ ትንሹ ቁጥር ያሸንፋል። 8ኛው ሰው በእጁ ለሚሰጠው ትእዛዝ ነው። አንድ የክላውድ ፕሮግራም 8ኛው ላይ «ቁም» ብሎ ጻፈና ሳይለቀው ሄደ። የሰዓት ፕሮግራሙ ከታች ሆኖ ቢጮህ ማን ሰምቶት። እኛ ሁለት ቀን ሞተርና ኮንታክተር (የሞተሩን ኤሌክትሪክ የሚያበራና የሚያጠፋ ማብሪያ) ስንፈታ ነበር! ለውጭ ፕሮግራም ቅድሚያው ከ8ኛው ያነሰ የራሱን ደረጃ ስጠው፣ ለምሳሌ 12ኛውን፤ ግንኙነቱ ሲቋረጥም ራሱ እንዲለቅ አድርግ።

ስለ ደኅንነት ብዙ አልልህም፣ ግን አንድ ታሪክ ልብ በል። እ.ኤ.አ. በ2013 ታርጌት የተባለው የአሜሪካ ሱቅ ሲዘረፍ የ40 ሚሊዮን ያህል ካርዶች መረጃ ወጣ። ሌቦቹ የገቡት ከአንድ የማቀዝቀዣ ተቋራጭ በሰረቁት የይለፍ ቃል ነው። እንደ እኔና እንደ አንተ ያለ ተቋራጭ። የተለመደው ባክኔት በ47808 የኔትወርክ ወደብ (መግቢያ በር) ላይ ሲያወራ «አንተ ማነህ?» ብሎ አይጠይቅም። ያንን ወደብ ወደ ኢንተርኔት አትክፈት፣ «ለአንድ ቀን ብቻ» ቢሉህም። ምስጠራ ያለው ባክኔት ኤስሲ እ.ኤ.አ. በ2019 ወጥቷል፤ አዲስ ዕቃ ስትገዛ እሱን ጠይቅ።

የራሳችሁ ክላውድ? ተው። እኛ ሞክረነዋል። ሁለቱ ምርጥ ልጆቻችን ዓመት ሙሉ ሰርቨር ሲጠብቁ ከረሙ፣ ሜዳ ላይ ሰው አጣን። የተዘጋጀ ተከራዩ። ጉልበታችሁን ስም አሰጣጥ ላይ አውሉት። አንዱ ቴክኒሺያን «ቀዝ1»፣ ሌላው «ክፍል ሀ ሙቀት» ብሎ ከሰየመ ሁለተኛው ደንበኛ ላይ ሁሉንም ከዜሮ ትጀምራላችሁ።

ከየት እንጀምር ላልከው፣ አዲስ ደንበኛ አትፈልጉ። አሁን በምትቆጣጠሩት ሕንፃ ውስጥ ሰርቨር ክፍል ወይም የምግብ ማቀዝቀዣ ክፍል አይጠፋም። ለተወሰኑ ወራት ምንም ሳትነኩ ብቻ ተከታተሉት። በነገራችን ላይ ሙያችን ራሱ የተጀመረው እንዲህ ነው። ዋረን ጆንሰን የተባለ የዊስኮንሲን መምህር እ.ኤ.አ. በ1883 የፈጠራ መብት ያገኘበት መሣሪያ ሙቀቱን ራሱ አያስተካክልም ነበር። የክፍሉ ሙቀት ሲለወጥ ምድር ቤት ላለው የእሳት ሠራተኛ ደወል ይደውላል፣ ሰውየው ተነስቶ ያስተካክላል።

ዋጋ ከመስጠታችሁ በፊት ደግሞ ደንበኛውን አንድ ጥያቄ ጠይቁት፦ ሌሊት 8 ሰዓት ላይ አላርም ሲጮህ ስልኩን የሚያነሳው ማነው? ስሙ ውሉ ላይ ይጻፍ። «እናንተ ናችሁ» ካለ ለዚያ የሚከፈል ገንዘብ ውሉ ውስጥ መኖሩን እይ። እኛ የመጀመሪያው ውል ላይ ይህን ስላልጻፍን ስድስት ወር ሙሉ ስልኬን ትራስ ሥር አድርጌ ተኝቻለሁ።

አንድ ያልጻፍከው ነገር አለ። ኮንትሮለሮቻችሁ የቴርሚስተሩን ዓይነት በየግብዓቱ ለይተው ያስመርጣሉ ወይስ ለሁሉም አንድ ነው? ሞዴሉን እዚህ ጻፍልኝና አብረን እናየዋለን።