የጓሮ አትክልት ጥያቄዎቻችሁ፦ «ፍግ ሳልቆጥብ ሰጥቼው ካሮቴ ለምን ጣት አወጣ?»

ጥያቄ፦ የ10ኛ ክፍል ተማሪ ነኝ። ከትምህርት ቤት ስመለስ የምሮጠው ወደ ጓሮ ነው። ቤተሰቦቼ ከግቢው 2 ሜትር በ3 ሜትር ቦታ ሰጥተውኝ ሰኔ መጀመሪያ ላይ ሰላጣ፣ ካሮትና ቲማቲም ዘራሁ። ከጎረቤት በረት ትኩስ ፍግ አምጥቼ ሳልቆጥብ ሰጠሁ። የሰላጣው ችግኝ በበቀለ በሳምንቱ ተኝቶ ቀረ። ቲማቲሙ ሊያብብ ሲል ቅጠሉ ጠቁሮ አለቀ። ካሮቱ ደግሞ ሲነቀል ሦስትና አራት ጣት አውጥቷል። አፈሩ ይሆን ጥፋተኛው?
ተማሪ፣ ከአዲስ አበባ

መልስ፦ አፈሩን ተወው፤ ጥፋተኞቹ ፍጉና ወቅቱ ናቸው። የካሮት ዋና ሥር ቀጥ ብሎ ሲወርድ ጫፉ ድንጋይ፣ ጓል ወይም ያልበሰለ ፍግ ከነካ ይጎዳል፤ በእሱ ፈንታ የጎን ሥሮች ይወፍራሉ። ስለዚህ ለካሮት ትኩስ ፍግ በጭራሽ አይሰጥም። ባለፈው ወቅት ጎመን ወይም ሰላጣ የነበረበትን፣ ፍጉ ጨርሶ አፈር የሆነበትን ቦታ ምረጥለት። እስከ 30 ሳ.ሜ. ቆፍረህ ጓሉን ከስክስ፣ ድንጋዩን ልቀም። በጣትህ 1 ሳ.ሜ. ጥልቀት ያላቸው መስመሮች በ20 ሳ.ሜ. ርቀት አውጣ። ዘሩ ደቃቅ ስለሆነ አንድ እጁን ከአራት እጅ ደረቅ አሸዋ ጋር ቀላቅለህ ዝራ። ለመብቀል ከ10 እስከ 15 ቀን ይፈጅበታል፤ እስከዚያ የአፈሩ ገጽ መድረቅ የለበትም። ስስ የሣር ጉዝጓዝ አልብሰውና ቡቃያው ብቅ ማለት ሲጀምር አንሣለት።

ጀማሪ የሚሳሳው የበዛውን ቡቃያ ነቅሎ ማሳሳት ላይ ነው። ቡቃያው ሁለት ሦስት እውነተኛ ቅጠል ሲያወጣ በየ5 ሳ.ሜ. አንድ ብቻ አስቀርተህ ሌላውን ንቀል። የነቀልከውን ሌላ ቦታ አትትከለው፤ የተዛወረ ካሮት ሥሩ ይጣመማል።

የሰላጣው ችግኝ የተኛው ግንዱ ከአፈሩ ጋር በሚገናኝበት ቦታ ቀጥኖ በስብሶ ነው። ተጠቅጥቆ የተዘራ፣ እርጥበት ያልተለየውና ነፋስ የማያገኘው ችግኝ ሁሉ ይህን የሚያመጣ ሻጋታ ሊይዘው ይችላል። ዘሩን ከግማሽ ሳ.ሜ. በላይ አትቅበረው፣ መስመሩን በ10 ሳ.ሜ. አራርቀው። በክረምት ከላይ ፕላስቲክ ዘርጋለት፤ ጎኖቹ ግን ክፍት ይሁኑ። የምታጠጣው ጠዋት ነው። አራት አምስት ቅጠል ሲይዝ በ25 ሳ.ሜ. ርቀት አዛውረው።

የቲማቲሙ በሽታ ባለሙያዎች ሌት ብላይት የሚሉት፣ ድንችንም የሚፈጀው ነው። ቅዝቃዜና እርጥብ ቅጠል ይስማሙታል፤ የአዲስ አበባ ክረምት ደግሞ ሁለቱንም አሟልቶ ያቀርብለታል። ባለ ብዙ ልምድ ገበሬም ሐምሌ ላይ ከዚህ በሽታ ጋር ባይጋጠም ይመርጣል። ጥር መጀመሪያ ላይ ችግኝ አፍላ፣ የካቲት አጋማሽ ላይ አዛውር፤ ዋናው ክረምት ሳይገባ ትለቅማለህ። በተክልና በተክል መካከል 50 ሳ.ሜ. ስጥ፣ ግንዱን በእንጨት ደግፍ፣ መሬት የሚነኩትን ቅጠሎች ቁረጥ። ውኃው ሥሩ ላይ እንጂ ቅጠሉ ላይ አይፍሰስ።

ቦታህን 80 ሳ.ሜ. ስፋትና 3 ሜትር ርዝመት ያላቸው ሁለት መደቦች አድርገው፤ በመካከላቸው የ40 ሳ.ሜ. መተላለፊያ ይተርፍሃል። መደቡን ፈጽሞ አትርገጠው። አፈሩ መረሬ (ሲረጥብ የሚጣበቅ ጥቁር አፈር) ከሆነ ለክረምት 20 ሳ.ሜ. ከፍ ይበል። ከካሮት በቀር ለሌሎቹ፣ ለአንድ መደብ ሁለት ባልዲ የበሰለ ፍግ ይበቃል። የበሰለ ማለት የማይሞቅ፣ የማይሸት፣ ጭዱ የማይለይ ነው።

ጥያቄ፦ የ12 ዓመት ልጄ የጓሮውን ጎመን የእኔ ነው ብላለች። ውርጭና ክሽክሽ (የቅጠል ጭማቂ የሚመጡ ደቃቅ ተባዮች) ግን አስለቀሷት። መድኃኒት ልግዛላት ወይ?
እናት፣ ከደብረ ብርሃን

መልስ፦ አይግዙ፤ በተለይ ገበያ ላይ በውኃ ኮዳ እየተቀዳ የሚሸጠውን ቤትዎ አያስገቡ። ምንነቱም መጠኑም አይታወቅም፤ ልጆችም ሊጠጡት ይችላሉ። በ1 ሊትር ውኃ አንድ የሻይ ማንኪያ ፈሳሽ የዕቃ ማጠቢያ ሳሙና በጥብጠው፣ አመሻሽ ላይ በተለይ የቅጠሉን ጀርባ ይርጩ። ሳሙናው የሚገድለው የነካውን ብቻ ነው፤ ክሽክሽ ደግሞ ያለ እንቁላል ቀጥታ እየወለደ ስለሚባዛ በየአምስት ቀኑ ሦስት ጊዜ ይድገሙት። በማግስቱ በንጹሕ ውኃ ያጥቡት። የልብስ ዱቄት ሳሙና ቅጠል ያቃጥላል። በጣም የተወረረውን ቅጠል ቆርጦ መጣል ከሁሉም ይቀድማል።

ውርጭ የሚጥለው ሰማዩ ጥርት ባለበት፣ ነፋስ በሌለበት ሌሊት ነው። እንዲህ ያለውን ምሽት ሲያዩ አፈሩን ከሰዓት በኋላ ያጠጡት፤ እርጥብ አፈር የቀኑን ሙቀት ይዞ ያድራል። ፀሐይ ሳትጠልቅ ጆንያ በእንጨት ላይ ዘርግተው ያልብሱትና ጠዋት ይግለጡት። ጎመንስ ራሱን ይችላል፤ ችግኙ ነው የሚጎዳው። ነጭ ሽንኩርትና ቀይ ሥርም ብርዳችሁን ይችላሉ፤ ቃሪያና ቲማቲም ግን አያስለፏት። ጎመኑን በ40 ሳ.ሜ. ርቀት ትትከል፣ ስትለቅም የታችኛውን ቅጠል ብቻ ትቁረጥ። ከእርሷ ሲወስዱ በገበያ ዋጋ ቢከፍሏት አይከፋም።

ጥያቄ፦ ተከራይ ነኝ፤ ያለኝ ጠባብ በረንዳ ብቻ ነው። በጀሪካን የተከልኩት ቲማቲም ፍሬው ሲያድግ ታችኛው ጫፉ ይጠቁራል። በሽታው ምንድን ነው?
ወጣት ተከራይ፣ ከሐዋሳ

መልስ፦ በሽታ አይደለም፤ ፍሬው ካልሲየም የሚባለው ንጥረ ነገር አንሶት ነው። ካልሲየም ወደ ፍሬው የሚደርሰው ከውኃ ጋር ነው፤ ጀሪካኑ ሁለት ቀን ደርቆ በሦስተኛው ሲጥለቀለቅ ጉዞው ይቆራረጣል፣ ጉዳቱም በፍሬው ጫፍ ይታያል። ለአንድ ተክል አንድ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ይስጡ፤ ከታች አምስት ስድስት ቀዳዳ ይብሱ። ሁለት እጅ አፈር፣ አንድ እጅ የበሰለ ፍግ፣ አንድ እጅ አሸዋ ይቀላቅሉ። ከላይ 5 ሳ.ሜ. ጉዝጓዝ ያድርጉ። በሞቃት ወራት ከታች ጠብ እስኪል ድረስ በየቀኑ ያጠጡ። የጠቆረው ፍሬ አይድንም፤ ይልቀሙትና የሚቀጥለውን ይጠብቁ። በረንዳው በቀን ለስድስት ሰዓታት ያህል ፀሐይ ካላገኘ ግን ቲማቲሙን ትተው ቆስጣና ሰላጣ ይትከሉ።